«ከነሰዎቹ» የምትለዋ ቃል

ሰኞ

አልፈርምም አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ በችሎት ባሳለፍኳቸው ዓመታትም አልለመድሁትም። የብዕሬን ክዳን ገጥሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ነገሩ ይህ ነው። የራሊው፣ ማለትም የመኪና ውድድሩ፣ ዋንጫ አንድ ሲሆን የሚፎካከሩለት ሁለት ዓይነት መኪኖች ናቸው፦ ሞተራቸው አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ባለ ቱርቦ ትልልቆችና ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር፣ ጉልበታቸው ያነሰ፣ ግን ቀላልና ቀልጣፋ ትንንሾች። እንዲመጣጠኑ ስንል እኛ የደንብ ኮሚቴው አባላት ለየምድቡ ዝቅተኛ ክብደት እንወስናለን፤ ከዚያ የቀለለ መኪና የጎደለውን በብረት ይሞላል። ሐሳቡን ራሴም ደግፌዋለሁ።

አዲሱ ረቂቅ የትንንሾቹን ክብደት ከፍ አድርጎታል። ይሁን ልል ነበር። ትልልቆቹ ግን «ከነሰዎቹ» ይመዘናሉ ይላል፤ ትንንሾቹ «ባዷቸውን»። የትልቁ መኪና ነጂና መንገድ መሪ በሚፈለገው ክብደት ውስጥ ይቆጠሩለታል፤ ትንሹ መኪና ብረቱን ተሸክሞ ካበቃ በኋላ ሰዎቹን በላዩ ላይ ይጭናል። የቴክኒክ ኃላፊያችን ኢንጂነር ዳዊት «የአጻጻፍ ልዩነት ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ» አለኝ። በአጻጻፍ ልዩነት ስንቱ ቤቱን ሲያጣ አይቻለሁ።

ማክሰኞ

ቶሎሳና ማርታ ቤቴ መጡ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ጋራዣቸው ከእኛ ቁልቁል፣ ወደ ኮልፌ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እሱ ከትንንሾቹ አንዷን ይነዳል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን ትመራዋለች። ባለፉት ሁለት ውድድሮች ትልልቆቹን ቀድመው የገቡት እነሱ ናቸው። ረቂቁም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለጉዳይን ቤቴ መቀበል ደስ አይለኝም። ምንም ቃል አልገባሁላቸውም፤ መምጣታቸውንም ለኮሚቴው እነግራለሁ። ቶሎሳ ደንቡ እንዲህ ከጸደቀ መኪናዋን ሸጦ ከውድድር እንደሚወጣ ነገረኝ። ማርታ አላስጨረሰችውም።

«እትዬ፣ መሸጡን ይሽጣት። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። እነሱ ጋ ሰው ይመዘናል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሰው ክብደት የለውም።»

«አንቺ እንኳ አለሽ» አላት ባሏ። ሦስታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ሸኝቻቸው በሩን ዘግቼ ሳልመለስ ለቀቀኝ።

ረቡዕ

ስብሰባው ረጅም ነበር። ተመልካች የሚመጣው ትልልቆቹን ሊያይ ነው ተባለ። ባለቤቶቻቸው ቅር ከተሰኙ ውድድሩ ይሞታል ተባለ። አንድ አባል «ሁለቴ አሸንፈዋል፤ ምን ጎደለባቸው?» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ።

«ማመጣጠን ማለት ያሸነፈን መቅጣት ከሆነ፣ ርእሱን ሰርዘን ቅጣት እንበለው» አልሁ።

ከዚያ «ከነሰዎቹ» የምትለዋ ቃል ከየት እንደመጣች ጠየቅሁ። የትልልቆቹ አንቀጽ በባለቤቶቻቸው ጥያቄ ተሻሽሎ ኖሯል። ስለ ትንንሾቹ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ የእነሱ አመዛዘን እንደ ድሮው ቀረ። ይኸው ነው። ተንኮል እንኳ የለበትም። ይህ ይብስ አናደደኝ፤ ተንኮል ቢሆን ቢያንስ አስበዋቸዋል ማለት ነበር።

ሁለቱም መኪኖች በአንድ ሚዛን፣ ሁላችንም ባለንበት ይመዘኑ አልሁ። እያጉረመረሙ ተስማሙ።

ዓርብ

ከጦር ኃይሎች አለፍ ብሎ ቁርጥራጭ ብረት የጫኑ መኪኖች የሚመዘኑበት ቦታ ሄድን። ተራ የሚጠብቁ የአይሱዙ ሹፌሮች የቶሎሳን መኪና ሲያዩ በኪሎ ስንት እንደምትሸጥ ጠየቁ። ቶሎሳ ፊቱን አጠቆረ። ማርታ ግን «ከነባሌ ነው የምትሸጠው» አለቻቸው፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

መጀመሪያ ከትልልቆቹ አንዱ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰዎቹ ውስጡ እንደተቀመጡ የተወሰነለትን ክብደት ሞላ፤ ሲወርዱ ጎደለ። ቀጥላ ትንሿ ከነብረቷ ወጣች። ባዶዋን ሞላች። ባልና ሚስቱ ሲገቡ ከተወሰነላት አልፋ ሄደች። ኢንጂነር ዳዊት ቁጥሩን ሲያይ ቆይቶ «እንዲህ አልታየኝም ነበር» አለ። በሰው ፊት እንዲህ የሚል ብዙ የለም፤ አክብሬዋለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ሁለት ሰዎች በመኪናው ውስጥ መኖራቸው እንዲታየን የግድ ሚዛን ላይ መውጣት ነበረባቸው?

ቅዳሜ

ጸደቀ። «ከነሰዎቹ» አሁን በሁለቱም አንቀጽ ውስጥ አለች። የትንንሾቹ ክብደት ወደ ቀድሞው ይመለስ ብዬ ነበር፤ በድምፅ ተሸነፍሁ። ተቃውሞዬን በቃለ ጉባኤው አስፍሬ ፈረምሁ። ግማሽ ፍትሕ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ገና እጠይቃለሁ።

ቶሎሳ ለነገው ውድድር ተመዘገበ። መኪናዋ አልተሸጠችም።

ሲመሽ፣ በወሩ ያልተለመደ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ማርታ ደወለች። «እትዬ፣ እናንተ ጋም ይዘንባል?» አለችኝ። ይዘንባል አልኋት። የነገው መንገድ አፈር ነው፤ ትልልቆቹ በአራት ጎማ ይቧጥጣሉ፣ የእነሱ በሁለት። ለጭቃ ደንብ አላወጣንም።