መንትያ ወንድሜን ወንበር ላይ ስላስቀመጠው ምክር

ለተከበሩ የጤና ባለሙያ፤
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ሰባ አንድ ዓመቴን በሁለት እግሬ ቆሜ ይዣለሁ። የእርስዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም ያልጻፍሁት ለክብርዎ ተጨንቄ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ይህን የሚያነብ ሰው ስለ ማን እንደምናገር ያውቃልና ድካሙም አላስፈለገም። ገበሬ ነኝ፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፍ የተማርሁት በራሴ ነው። ብሳሳት እንዲያርሙኝ እየለመንሁ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከስድስት ዓመት በፊት መንትያ ወንድሜ ትዕዛዙ ጉልበቱን አሞት ሲመጣ ስለሰጡት ዕረፍት አመሰግናለሁ። ትዕዛዙ እርሻውን ትቶ ከተማ የእህል መጋዘን ጠባቂ ከሆነ ወዲህ ቀኑን ወንበር ላይ ይውል ነበር፤ ሰውነቱም በየዓመቱ ይጨምር ነበር። እርስዎ አባታችንም አክስታችንም ወፍራም እንደነበሩ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ፣ ነገሩ በዘር የመጣ ስለሆነ በከንቱ ራሱን እንዳያደክም መከሩት። ሕክምና እንዲህ ሲቀል ደስ ይላል። ወንድሜም ደስ ብሎት ተመለሰና ወንበሩ ላይ ትራስ ጨመረ። በሦስተኛው ዓመት ልቡ ቆመ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዘር ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ትዕዛዙና እኔ በአንድ ማኅፀን አድረን በአንድ ቀን ተወለድን፤ እናታችን እንኳ የምትለየን በግንባሬ ጠባሳ ነበር። ዛሬ ያ ፊት የቀረው በእኔ ላይ ብቻ ነው። ገበያ ስወጣ መሞቱን ያልሰማ ሰው «ትዕዛዙ!» ብሎ ይጠራኛል፤ የሰማው ያማትባል። ሚስቱ ጥሩሸዋ ቤቷ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ አልቀየማትም።

አምና በቅሎ ጥላኝ እግሬ ተሰበረና ሰባት ወር ተኛሁ። የምበላው አልተጨመረም፤ የቀበቶዬ ቀዳዳ ግን አለቀ። አንድ ጧት ልላጭ ብዬ መስተዋት ባነሣ ያየሁት ትዕዛዙን ነበር። ጉንጩ ያው፣ የአገጩ ሥር ያው፤ በእኔ አፍንጫ ይተነፍስ ነበር። መስተዋቱን ደፋሁት። ሰባ ዓመት ሙሉ ደሜ ውስጥ እንደነበረና እኔ እስክቀመጥለት ብቻ ይጠብቅ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። አጥንቴ ሲገጥም በምርኩዝ ተነሥቼ እስከ ደጅ ሄድሁ፤ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያን፤ ሲቆይ እስከ ጓሳ ተራራ። ሰውየው ቀስ በቀስ ከፊቴ ወጣ። ሩቅ ግን አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን የጤና ጽሑፍ ሁሉ አነበብሁ። እውነትዎን ነው፤ ዘር አለ፤ ሰው ለውፍረት ቀርቦ ወይም ርቆ ይወለዳል። መንቀሳቀስ ይህን አይፍቀውም፤ የዘሩን ኃይል ግን ይቀንሰዋል። እንዲያውም እንደኛ ያለ ዘር ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል። ይህን ገጽ ለወንድሜ ሳያነቡለት የቀሩት መብራት ጠፍቶብዎት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ክስ በራሴ ላይ ስለሆነ ቢፈልጉ ይዝለሉት። ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ ለሣር አጨዳ ሲከፈት፣ ድርሻ ካላቸው አባቶች የሚወለድ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ትዕዛዙ ከእርስዎ ዘንድ በተመለሰ በዓመቱ ተከፈተና አብሮን ወጣ። ዳገቱ መሐል ቆሞ ሲያለከልክ በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ሆዳም፣ ሆድህን እዚያው አስቀምጠህ ና!» አልሁት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ዞሮ ወረደ። ድርሻውን አጭጄ በአህያ ላክሁለት፤ ከዚያም በኋላ እግሩን የሚያነሣበትን ሥራ ሁሉ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ እኔው ሠራሁለት። እርስዎ ዘር ነው ብለው አስቀመጡት፤ እኔ ስንፍና ነው ብዬ አሳፈርሁት፤ ተጋግዘን ገደልነው። አሁን ያንን ዳገት ስወጣ ከኋላዬ ሲያለከልክ እሰማዋለሁ። ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ አይደርስም።

አራተኛ፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ጉዳይ። የትዕዛዙ ልጅ ሰርካለም ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ የምትነሣው ሲመሽ ነው። ባለፈው ወር ጉልበቷን አሞአት መጥታ ነበር፤ ያንኑ ምክር ሰጧት። ስትመለስ «ጋሼ፣ ደምሽ ነው አሉኝ፤ ከደሜ ወዴት ልሽሽ?» አለችኝ። እንደ አባቷ እየሳቀች ነበር። ተነሽ ብላት አትሰማኝም፤ ያን ቀን ዳገቱ ላይ ከአባቷ ጎን ቆማ ነበርና ከእኔ አፍ የሚወጣ ምክር ለእሷ ስድብ ነው። የምትሰማው ነጭ ልብስ የለበሰውን ሰው ነው። ለማንም አንገቴን ደፍቼ የማላውቀው ሰው ዛሬ የምደፋው ስለዚህ ነው፦ ጠርተው ያልነገሯትን ገጽ ይንገሯት።

ወንበርዎ የተመቸ፣ ሻይዎ የሞቀ፣ ደንበኛዎ የበዛ እንዲሆን የምመኝልዎት፣ የትዕዛዙን ፊት ለብሼ የምዞር አክባሪዎ፣
ወንዳፈራሁ ገብረ አማኑኤል
ከጓሳ ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ ሦስት መቶ ዐሥር እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ባጃጅ ግን ጧትና ማታ ደጅዎ ይቆማል። አባትዎን አውቃቸው ነበር፤ ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ስንቀብራቸው ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነኝ። ለስድብ አላነሣሁትም፤ ስድብ የሚያደርሰውን አይቻለሁ። ቅዳሜ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በደጅዎ በኩል ወደ ጓሳ አልፋለሁ። ሰርካለምን አብረሽኝ ነይ ብያት ነበር። እርስዎ ሲወጡ ካየች ትወጣለች።