ለእያንዳንዱ ፎቶ ሰባት ሰከንድ፦ የወይዘሮ ርብቃ ዕንባቆም የሕይወት ታሪክ

እናንተ ከፎንቆ፣ ከዱራሜና ከአዲሎ የመጣችሁ፣ እናንተም የሆሳዕና ጎረቤቶች፣ እስኪ አረፍ በሉ። ከኋላ የቆማችሁም ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፤ ተጠጋግቶ መቀመጥ ለዛሬ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነበርና። ረጋ ብላችሁ ስሙ።

ወይዘሮ ርብቃ ዕንባቆም ከአባታቸው ከአቶ ዕንባቆም ላምቦሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገነቴ ኤርጫፎ ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም. በፎንቆ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በገበያው ዳር ልብስ ይሰፉ ነበር። በየዓመቱ ለመስቀል ለልጆቻቸው አዲስ ልብስ ሰፍተው፣ አልብሰው፣ ሆሳዕና ወስደው ፎቶ ያስነሷቸው ነበር። በዚያ ዘመን በፎንቆ አልበም ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። በዕንባቆም ቤት ግን እንግዳ ሲመጣ ከምግቡ ቀድሞ የሚቀርበው አልበሙ ነበር።

ወይዘሮ ርብቃ አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፎንቆ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በሆሳዕና ተከታትለዋል።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ በቤቱ ላይ ትልቅ ሐዘን ወደቀ። ሰው ግን አልሞተም። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ አቢጋኤል የአዲሎውን ነጋዴ አቶ ጁነዲንን አገቡ። ሃይማኖታቸው የተለያየ ነበርና አባት አልፈቀዱም፤ ልጅም አልተመለሱም። አቶ ዕንባቆም አልበሙን ከመደርደሪያ አወረዱ። ጨርቅ በሚቆርጡበት መቀስ የበኩር ልጃቸውን ከየፎቶው ቆርጠው አወጡ። የልብስ ሰፊ እጅ ነውና መስመሩ አልተዛነፈም። "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሳ" አሉ። አልተነሳም። ሽማግሌ የተባሉትም አላነሱትም።

ርብቃ በዚያን ቀን ቤቱን እንዲጠርጉ ታዘዙ። የጨርቁን ቁርጥራጭ ጠርገው ደፉ፤ የፎቶውን ቁርጥራጭ ግን አንድ በአንድ ለቅመው በባዶ የክር ካርቶን ውስጥ ደበቁት። አሥራ አንድ ነበር።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሆሳዕና በአቶ ተክለ ሃይማኖት ፎቶ ቤት ተቀጥረው ሙያውን ተማሩ። በ1999 ዓ.ም. የዱራሜውን ተወላጅ መምህር ምስክር ሎምቤን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ፀደይንና ውቢትን፣ ወለዱ። በ2004 ዓ.ም. በመናኸሪያው አካባቢ የራሳቸውን ፎቶና ቪዲዮ ቤት ከፈቱ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ሥራቸውን ያላየ የለም። ሰው አይጥ የበላውን፣ ዝናብ የነካውን አልበሙን በፌስታል ይዞ ይመጣል። እሳቸው ፎቶውን በስካነር አንስተው ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ። በቪዲዮ ማቀናበሪያው ላይ እንደ አልበም ገጽ ያደርጉታል፤ ከሥሩ እናታቸው ካስቀመጡላቸው የአባታቸው ጨርቆች አንዱን በፎቶ አንስተው ያነጥፋሉ፣ ማዕዘኑን በክር የተሰፋ ያስመስላሉ፣ ስሙን በእጃቸው ጽፈው ያስገባሉ። ገጹ ቀስ ብሎ ይገለጣል፤ መዝሙሩም ዝቅ ይላል። ሌላው ቤት አንድ ፎቶ ለሁለት ሰከንድ አሳይቶ ያልፋል። እሳቸው ዘንድ ሰባት ሰከንድ ነው። ልኩን ያገኙት ከእናታቸው ነው። ወይዘሮ ገነቴን ከስክሪኑ ፊት ያስቀምጣሉ፤ እናት አይተው፣ አስበው፣ "ይቺ እገሌ ናት" እስኪሉ ድረስ ፎቶው አይነቃነቅም። ስም ሳይጠራ ፎቶ አያልፍም ነበር ሕጋቸው።

አብሯቸው የሚሠራው ዮሲ በዚህ ይቀልድባቸው ነበር። "እትዬ፣ በዚህ አካሄድ የሰርጉ ቪዲዮ ሳያልቅ ልጅ ይወለዳል" ሲላቸው፣ "ይወለድ፤ እሱንም እንጨምረዋለን" ይሉት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ያን የክር ካርቶን ከፈቱ። የተቆረጡትን ፎቶዎች ከፎንቆ አምጥተው፣ አሥራ አንዱን ቁራጭ በየቦታው መለሱ። መቀሱ ያለፈበት መስመር ግን ይታያል። ዮሲ "ላጥፋው? አንድ ደቂቃ አይፈጅም" አለ። እሳቸው "ተወው፣ እሱም የአባባ እጅ ነው" አሉት።

ሥራውን ለአባታቸው ሊያሳዩ ሦስት ጊዜ ፎንቆ ሄደዋል። ሦስት ጊዜም ፍላሹን ከቦርሳቸው ሳያወጡ ተመልሰዋል። ፈርተው ነበር። "ለሚቀጥለው መስቀል" ሲሉ፣ አቶ ዕንባቆም በጥር 2012 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር ማንም አያውቅም። ይህ ነገር ርብቃን እስከ መጨረሻው ያቃጥላቸው ነበር፤ ደስ ባላቸው ቀን እንኳ ዝም የሚያሰኛቸው እሱ ነበር።

በአባታቸው ቀብር ዕለት የሕይወት ታሪኩን የጻፈው የሟች ታናሽ ወንድም ነበር። "አቶ ዕንባቆም የሁለት ልጆች አባት ነበሩ" ብሎ ጻፈ፤ በድንኳኑ መካከል ቆሞም አነበበው። ሦስት መሆናቸውን ያውቅ ነበር። የሟችን ቃል ያከበረ መስሎት ነው። ያ ሰው የዛሬውንም ታሪክ ጽፏል፤ ወይዘሮ ርብቃን በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ጠይቋል፤ ይቅርታም አግኝቷል።

ከንባቡ በኋላ በዚያ ፍላሽ ያለው ቪዲዮ ሊታይ ሲል፣ በውስጡ ያለውን የሚያውቁት ወንድማቸው አቶ ማቴዎስ ተጠግተው፣ "አባባን በለቅሶው ቀን በሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?" አሏቸው። ርብቃም፣ "አላዋርደውም። መቀሱን አልደበቅሁም፤ እሷንም አልደበቅሁም። ቁጭ በል ወንድሜ" አሉ።

በድንኳኑ ውስጥ በተወጠረው ነጭ አንሶላ ላይ ፎቶው መታየት ጀመረ። ወይዘሮ ገነቴ ከፊት ተቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው፣ በየፎቶው ስም ይጠራሉ። "ዕንባቆም።" "ማቴዎስ።" ከዚያ በሰማያዊ ካኪ ላይ የተነጠፈች አንዲት ፎቶ መጣች፤ የመስቀል ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት፤ በትከሻዋ ላይ የመቀስ መስመር አለ። እናት ዝም አሉ። ሰባት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የገባን ያን ዕለት ነው። ሊያልፍ ሲል፣ "አቢጋኤል" አሉ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ።

ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከገመዱ አጠገብ፣ "አቤት፣ እማዬ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ወይዘሮ አቢጋኤል ከባለቤታቸው ጋር መጥተው እንደ ሩቅ ለቀስተኛ ቆመው ነበር። ርብቃ ናቸው ደውለው የጠሯቸው። አቶ ማቴዎስ ተነሥተው ወንበራቸውን ለእህታቸው ለቀቁ።

ወይዘሮ ርብቃ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጡት ካንሰር ታመው በሆሳዕናና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። ወይዘሮ አቢጋኤል ከአዲሎ እየተመላለሱ አጥበው፣ አጉርሰው አስታመዋቸዋል። የጠፉት ዓመታት ግን ብዙ፣ የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ነበር። ወይዘሮ ርብቃ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ሦስት ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ባለቤታቸውን መምህር ምስክርን፣ ልጆቻቸውን ፀደይንና ውቢትን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ገነቴን፣ ወንድማቸውን አቶ ማቴዎስን፣ እህታቸውን ወይዘሮ አቢጋኤልን ለእናንተ ትተው ሄደዋል። የፈጠራቸው አምላክ ድካማቸውን ያሳርፍ፤ ለቀሩትም ብርታት ይስጥ።

አሁን በአንሶላው ላይ የምታዩት ቪዲዮ ወይዘሮ ርብቃ በሕመም አልጋ ሆነው በእጃቸው የሠሩት ነው። የመጨረሻውን ፎቶ ብቻ ዮሲ ጨምሮበታል፤ የራሳቸው ነው። እሱም ሰባት ሰከንድ ይቆያል። የወይዘሮ ገነቴ ዓይን ዛሬ ደክሟል፤ ከለቅሶው ብዛት አያዩም። እባካችሁ፣ ፎቶው ሳያልፍ፣ የምታውቋትን ልጅ ስም ጥሩላቸው።