ጆሮ ጋራዥና የሦስተኛው ቫልቭ ጠቅታ

ይድረስ ከሁሉ አብልጬ ለምናፍቅዎ አባቴ፤

እንዴት ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ከመኪና ሥር ወጥተው ቀና ሲሉ የሚያሰሟት ያቺ ረጅም እህህታ ቀረች ወይስ አሁንም አለች? እማዬ ደኅና ናት? የእግሯ እብጠት ጎደለላት? እህቴስ ሥራ በዛባት ወይስ ቀለል አላት? ልጇ ሚጣ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ እስካሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች? እኔ ልጅዎ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። እዚህ ያሉት ሰዎች ወፈርክ ይሉኛል፤ እርስዎ ግን ቢያዩኝ አሁንም ሽቦ ብለው መጥራትዎን የሚተዉ አይመስለኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ያውም ከእኔ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ከሚውል ሰው! አብሮኝ የሚሠራው ጎሚስታ ዕረፍት ወጥቶ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ጎማውን ትቶ ደብዳቤ እንዲያደርስ አድርጌዋለሁ። ደግሞም በስልክ ስንነጋገር ገና ሰላምታ ሳንጨርስ መስመሩ ይቆራረጣል ብለው ለእህቴ ይሰጧታል፤ የሆዴን ሳልነግርዎ ይቀራል። ወረቀት አይቆራረጥም። መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ሆነው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። እህቴ እኔ ላንብብልዎ ብትል እሺ እንዳይሏት።

ሥራዬ እንደሚያውቁት ነው። ታች ያሉት ፈጣን መኪና ያስተካክላሉ፤ እኔ ጥግ ላይ በመስታወት በተከለለችው ክፍል ተቀምጬ የጋራዡን ዌብሳይት እጠብቃለሁ። ፎቶ አነሣለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ሥራ ሲያልቅ በብረት ደረጃው ወጥቼ እዚያው ላይ ካለችው ክፍሌ እገባለሁ። የሚመጡት መኪኖች ሆዳቸው መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራቸው ናቸው፤ ሰው ሲገባባቸው ተቀመጠ ሳይሆን ተኛ ነው የሚባለው። ወይዘሮ እንኳ ስትወርድ ሁለት ሰው ካልጎተታት አትወጣም።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አያምኑኝም እንጂ። ባለፈው እንዲህ ያለ አንድ መኪና መጣ። ባለቤቱ ቁልፍ ሲጫን መስታወቴ ተንቀጠቀጠ። እኔም የእርስዎ ልጅ አይደለሁ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ምን ዓይነት ይሆን ብዬ ወርጄ ከኋላ ጎንበስ አልኩ። የለም። ዞሬ በጎን ፈለግኩ፤ እዚያም የለም። ለካስ በባትሪ የሚሄድ ነው! ያ ሁሉ ግሳት ተቀድቶ በስፒከር የሚወጣ ነው። እውነቴን ነው አባዬ፣ ሞተር የሌለው መኪና የሞተር ድምፅ ይከፈትለታል። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከሳቄ ስመለስ ግን ነገሩ ከነከነኝና፣ ዝም የሚል መኪና ገዝተህ ጩኸት የምትጨምርበት ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ድምፅ ከሌለው የሚሄድ አይመስለኝም፣ ፍጥነቴን የማውቀው በጆሮዬ ነው አለኝ። እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ በሰውዬው መሳቄንም ተውኩ።

ሌላው ሰሞኑን ያዞረኝ የስም ነገር ነው። ዌብሳይት ማለት እኮ የሆነ ቦታ ባለ ማሽን ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ከቁጥር በቀር የሚያውቀው የለም። ሰው ቁጥር ስለሚረሳ ነው ስም የተሰጠው፤ ዶሜይን የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ሰው የጋራዥዎን ስም ጆሮ ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ ቁጥሩን ፈልጎ የእርስዎ ጋራዥ ገጽ ላይ ያደርሰዋል። የሚገርመኝ ግን ስሙን ለዘለዓለም የሚገዛ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም ተከራይ ነው። ማሳደስ የረሳ እንደሆነ ሌላው ላፍ ያደርግበታል። እንዲያውም ስም እየሰበሰቡ ምንም ሳይሠሩበት የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ መኪና ሳይኖረው ግድግዳው ላይ ታርጋ የሚደረድር ሰው ማለት ናቸው። የፈጣን ነገር ስም በሙሉ ተይዟል። ንፋስ ብል ተይዟል፣ መብረቅ ብል ተይዟል። ማን ያዘው ብዬ ስከፍተው ባዶ ገጽ ነው።

ጆሮን የያዝነው ግን እኛ ነን። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣልዎ መኪናው ገና ከመታጠፊያው ሲመጣ፣ ኮፈን ሳይከፈት፣ የታመመው ምኑ እንደሆነ ስለሚናገሩ ነው። እኔ ስመዘግበው ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። በላቲን ፊደል አራት ሆሄ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ አጭር ስም ዛሬ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ይኸው አሁን ፈላጊው በር እያንኳኳ ነው።

ፈላጊው የፈጣን መኪና ነጋዴ ነው። እኛ ባለ ነጭ ጫማው እንለዋለን። ጋራዥ ውስጥ ነጭ ጫማ! ዘይት እንዳይነካው እንደ ድመት እየመረጠ ነው የሚረግጠው። የሚያገሳ ማርሚታና ትልልቅ ስፒከር የሚገጥም ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ስሙ ጆሮ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ያቀረበው ዋጋ መጥፎ አይደለም። ጉዳዩን በእህቴ በኩል ብጠይቅዎ፣ ሽጠው፣ ድምፅ የሚውጥ ዌብሳይት ምን ያደርግልኛል ማለትዎን ነገረችኝ። እኔን ያላስተኛኝ ይህ መልስዎ ነው።

መቼም ያቺን ድምፅ ያስታውሷታል። ልሄድ ስል ጉንዳን የምንላትን መኪናዎን አስነሥተዋት፣ በቆመችበት በሚኒሞ ቀስ ብላ ትሠራ ነበር፤ እኔም ስልኬን መከላከያዋ ላይ አስቀምጬ ቀዳሁት። እናንተ ቤት ስንት መኪና ገብቶ ወጥቷል፤ እርስዎ ግን ከወዳደቀ ብረት በእጅዎ ሠርተው ያቆሟትን ያቺን ጥቁር ትንሽ መኪና የሚያክል የለም። ሽቅብ ስትበር እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የጮህኩትን ጩኸት ዛሬም አልረሳውም። ታዲያ ከሞተሯ ድምፅ መሐል የሦስተኛው ቫልቭ ጠቅታ አለች፤ ጠቅ ጠቅ የምትል፣ ስስ። ሆን ብለው ነው ላላ አድርገው የተዉዋት። የጠበቀ ቫልቭ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ግን ይቃጠላል፤ ትንሽ የሚያወራው አያስፈራህ፣ ዝም ያለውን ፍራ ይሉኝ ነበር። ያንን ድምፅ ዌብሳይታችን ላይ ያስቀመጥኩት ጆሮ ጋራዥ ምን እንደሆነ ከፎቶ ይልቅ እሱ ስለሚናገር ነው።

ከዚያ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠቅታዋ የለችም፣ ዌብሳይትህ ውጧታል ማለት ጀመሩ። አመንኩዎት። እርስዎ ስለ ድምፅ ተናግረው ማን ይጠራጠራል? ፋይሉን ቀየርኩ፤ የለችም አሉ። ጥራቱን ጨመርኩና ገጹ እስኪከፈት ሰው የሚያንቀላፋ ሆነ፤ አሁንም የለችም አሉ። እኔ ስቀይር እርስዎ ሲያጡ ከረምን።

በዚህ መሐል አንድ እንግዳ መጣብን። ዌብሳይት የሚጠብቅ ሰው ክፉ አመል አለበት፤ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ያያል። አንድ ሰው በየቀኑ በማለዳ ይገባል። ፎቶ አያይም፣ አድራሻ አያይም፤ በቀጥታ ድምፁ ጋ ሄዶ ይከፍታል። ሲያልቅ እንደገና፣ ሲያልቅ እንደገና፣ ከዚያ ውልቅ ይላል። መጀመሪያ ሮቦት መሰለኝ፤ ከገጽ ገጽ እየዞሩ የሚያነቡ ሮቦቶች አሉ። ሮቦት ግን አንዱን ድምፅ እየደጋገመ አይሰማም፣ አይናፍቀውማ። ቀጥሎ ባለ ነጭ ጫማውን ጠረጠርኩ። ሳጣራው ግን እንግዳው የሚመጣው ከእናንተ አገር ሆነ። ማን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል፣ እህቴ በጨዋታ መሐል አባዬ አመል አውጥቷል፣ በየማለዳው የአየሩን ሁኔታ ልይ እያለ ስልኬን ይወስዳል አለችኝ። አባዬ፣ እርስዎ መቼ ነው የአየር ሁኔታ ገዶዎት የሚያውቀው? ዝናብ እየመታዎት ጎማ ሲፈቱ አይደል ያደግኩት!

ምን ፈልገው እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ጠቅታዋ የት እንደጠፋች ልፈልግ ብዬ ታች ወርጄ ድምፁን ከስልኬ ከፈትኩት። ኮምፕረሰሩ ይጮሃል፣ አንዱ መዶሻ ይመታል። አለቃችን ስኒ ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ ቀጥ አለች። ሞተር በማስተካከል እሷን የሚያክል እዚህ የለም። ሦስተኛውን ቫልቭ ያላላው ማነው፣ አውቆ ነው ወይስ ረስቶት ነው ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ ከስልክ፣ እያለፈች! አውቆ ነው አልኳት። ጎበዝ ሰው ነው ብላ ሄደች። እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጠቅታዋ አለች አባዬ። ዱሮም ነበረች። ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። ለእህቴ ኩልል ብሎ የሚሰማው መስመር ለእርስዎ ብቻ የሚቆራረጠው፣ ሚጣ የቴሌቪዥኑ ጩኸት አላስጠናኝ አለ ብላ ያለቀሰችው፣ ገና አቅም እያለዎ ሥራ ሰለቸኝ ብለው ጋራዡን ግማሽ ቀን መክፈት የጀመሩት። እማዬም ከጓዳ ሆና መናገር ትታ ፊቴ ድረስ እየመጣች ታፈጥብኛለች ብለው ለእህቴ ስሞታ አቅርበው ነበር። ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ዌብሳይቱ ድምፁን አልዋጠውም። የደከመው ጆሮዎ ነው መሰለኝ። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ በየማለዳው ብቻዎን ተቀምጠው ያቺን ጠቅታ ሲፈልጉ እየታየኝ ነው። ሽጠው ያሉኝም ዌብሳይቱን ንቀው ሳይሆን ስሙ እያደር ከብዶዎት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ እንጂ ማን ይሰማዎታል?

አሁን እርስዎ ያስተማሩኝን መልሼ ለእርስዎ ልላክ። ልጅ ሆኜ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው፣ እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ላይ ደግፈው ስማ ያሉኝን ያስታውሳሉ? ድምፅ በብረትና በአጥንት እንደሚሄድ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እዚህ መኪናውን ሊያሠራ የሚመጣ የጆሮ ሐኪም አለ፤ የማን እንደሆነ ሳልናገር ጠየቅኩት። በአጥንት ከተሰማ ብዙ ጊዜ ችግሩ ውጭ በኩል ያለው መንገድ ላይ ነው፣ እሱ የሚጠገንበት ጊዜ አለ፤ በአጥንትም ካልተሰማ ደግሞ የሚረዳ መሣሪያ አለ፤ ሁለቱም ቢሆን ግን ሳይታይ አይታወቅም አለኝ። ቃል አልገባልኝም፣ እኔም አልገባልዎትም። ብቻ እህቴ ጉንዳኗን ታስነሣልዎ፤ ካቻቢቴውን ሦስተኛው ላይ ያሳርፉና አጥንትዎን ያስደግፉ። እጅጌዎን ይሰብስቡ፣ ማራገቢያው እንዳይዝዎ። ይኸው፣ እኔም ለእርስዎ እጅጌህን ሰብስብ ለማለት በቃሁ! የተሰማዎትን ይጻፉልኝ። ምንም ካልተሰማዎትም ያንኑ ይጻፉልኝ። ከዚያ ከእህቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ይሂዱልኝ፤ አደራዎን።

ባለ ነጭ ጫማውን ስሙ አይሸጥም ብዬዋለሁ። ደንግጦ ዋጋ ጨመረ፤ አሁንም አይሸጥም አልኩት። እስከሚፈቀደው ዓመት ድረስ አሳድሼዋለሁ። ሰሞኑን ጠቅታዋን ስሰማት ያ ንግግርዎ ነው የሚመጣብኝ፤ ዝም ያለውን ፍራ ያሉኝ። እርስዎ በስልክ ዝም ካሉኝ ከርመዋል፤ እኔም ፈርቻለሁ።

ለእህቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ስልኳን በማለዳ ስለማበደሯ አንድ ቀን እክሳታለሁ። ሚጣን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጥርሷ እስኪበቅል በሰፊው ትሳቅ፣ ያምርባታል ይበሉልኝ። ባትሪ ሠሪው ጎረቤታችን ሞተር የሌላቸው መኪኖች እየመጡለት መሆኑን ሰምቶ ደስ ይበለው። ጉንዳኗንም ኮፈኗን መታ መታ ያድርጉልኝ። እማዬን ደግሞ እቅፍ አድርገው ይሳሟት። ፊትዎ ድረስ እየመጣች የምትናገረው ለጠብ አይመስለኝም አባዬ፤ እሷ ከሁላችንም በፊት ያወቀች ይመስለኛል።

ልጅዎ ሽቦ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ ረፋድ፣ ግንቦት 18