ሳልመዝን የጻፍኩት

ይድረስ ለአባቴ ለአብዶ እንድሪስ፣ ጨፋ ሮቢት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። አባዬ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ ተሻለዎት? የእማዬ ስኳር ወረደላት ወይ? በልጉ ጣል አደረገ ወይስ ጨፋ አሁንም አቧራ ነው? እኔ ጀሊሉ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድካሙ ግን አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።

ሥራህ ምንድን ነው ባሉኝ ቁጥር «ጭቃ አቦካለሁ» ብዬ በሳቅ አልፍ ነበር። ውሸት አይደለም። ነዳጅ ሲቆፈር ጉድጓዱን የሚሞላ የተበጠበጠ ጭቃ አለ፤ የድንጋዩን ፍርፋሪ ጠርጎ ያወጣል፣ በክብደቱም ከስር ያለውን ጋዝ ተጭኖ ይይዛል። ከቀጠነ ጋዙ ይፈነቅለዋል። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ ጭቃውን እየመዘንኩ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። አንቱ ገበያ ላይ እህል እንደሚመዝኑት መሆኑ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ጉልበቴ ከዳኝ። ጥሙ፣ ሙቀቱ፣ ደረጃው። ጥላ ስር ቁጭ ብዬ፣ ሳልመዝን፣ የቀደመውን ቁጥር መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ለካ ያረጀ የውሃ መክፈቻ እያፈሰሰ ጭቃው ሲቀጥን ቆይቷል። ጋዙ ገፍቶ መጣ፣ ጭቃው ወደ ላይ ተተፋ። የጉድጓዱን አፍ ቶሎ ዘጉት እንጂ ሁላችንም አልቀን ነበር። ውሃውን የሚጠብቀው ሙሀመድአሚን የሚባል ሱዳናዊ ሲሸሽ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ጥፋቱም በእሱ ላይ ዞረ። መዝገቡ ጭቃው እስከ መጨረሻው ልክ ነበር ስለሚል፣ አለቆቹ ውሃውን በድንገት የለቀቀው እሱ ነው አሉ። ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ እኔ ዘንድ መጣ። ይወቅሰኛል ብዬ ስፈራ፣ «አንተ መዝነህ ከጻፍክ ልክ ነው፤ እኔው ከፍቼው ረስቼ ይሆናል» አለኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የአምስት ልጆች አባት ሊባረር ነው። ትናንት አለቃው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሙሀመድአሚን ሥራው ላይ ቀረ። እኔን ከዒድ በኋላ ይሸኙኛል፤ ከእንግዲህ በዚህ ሥራ የሚቀጥረኝ የለም።

ለእህቴ ለሱዓድ፣ ለባሏ ለአንዋር፣ ለአክስቴ ለመሪማ ሰላም ይበሉልኝ። የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ።

ለምን መጣ ብሎ የሚጠይቅዎት ቢኖር፣ ኮንትራቱ አለቀ እንዳይሉ። ሳይመዝን ጻፈ ይበሉ። ገበያተኛው ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንቱ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አፉ ይበሉኝ።

ልጅዎ አሚር አብዶ
ኦማን፣ ከበረሃው ካምፕ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.