ቀዩ ጠጠር ሲሰበር

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ጠዋት 3፡00
ሳጥኑን አጥቤ አድርቄያለሁ። ዛሬም ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፤ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ከሚሠራ የድጋፍ ግንብ ጀርባ የሚሞላ። ጠጠሩን ብረት ሳጥን ውስጥ አድርጌ ከላይ እጭናለሁ፣ የሳጥኑን ግማሽ ወደ ጎን እገፋለሁ፣ ጠጠሩ ግፊቱን የሚቋቋምበትን ሰበቃ እለካለሁ። ሦስት ጊዜ፦ በቀላል፣ በመካከለኛ፣ በከባድ ጭነት። ለሦስቱም ናሙናው ያው አንዱ። አዲስ ናሙና መንፋት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እዚህ ላቦራቶሪ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ሲገፋ ድምፁ ቆሎ ሲቆረጠም ይመስላል። ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ሪፖርቱ ሄደ። ፊርማዬ ከታች። አለቃዬ ኢ/ር ታደሰ አመሰገኑኝ። የሙከራ ጊዜዬ ዓርብ ያልቃል፤ የቅጥር ደብዳቤሽ እየተጻፈ ነው አሉኝ። ማስታወሻዬ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ 9፡30
ናሙናውን ልጥል ስል፣ ጠጠር የሚነፉልን እትዬ አስናቀች ተቀብለው ወንፊት ላይ ደፉት። ጠጠር ብቻ ነበር ያስገባሁት፤ አንድ ጭልፋ ቀይ ዱቄት ወጣ። በስንተኛው ጭነት ደቀቀ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም።
«ልጄ፣ የተከካ ባቄላ ክክ እንጂ ባቄላ ይባላል?»
ያኔ ገባኝ። ከባዱን ጭነት የተሸከመው ቀድሞ የተሰበረ ጠጠር ነው። ዱቄቱ ክፍተቱን ሞልቶ ጠንካራ አስመስሎታል። ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ 11፡00
ለየጭነቱ አዲስ ናሙና። እትዬ አ. ምሳቸውን ትተው ነፉልኝ። በቀላሉ ጭነት ለውጥ የለም። በከባዱ ግን ጠጠሩ አንዱ በሌላው ላይ መውጣቱን ትቶ እየተሰበረ ተኛ። ሰበቃው ከጻፍኩት በታች። ደገምኩት። ያው። በእኔ ቁጥር ከተሠራ ግንቡ ከጀርባው የሚገፋውን አይችልም፤ ከሥሩ ሰው የሚያልፍበት መንገድ አለ። ፈራሁ። ለደብዳቤውም ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፣ ጠዋት 2፡40
ኢ/ር ገና አልገቡም። እትዬ አ. ደብዳቤሽን ተቀበይና ሰኞ ንገሪያቸው፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉኝ፣ ኮንክሪትም እያደር ይደርቃል አልኳቸው። ነገ የግንቡ መሠረት ይሞላል።
ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው ልል አስቤ ነበር። ተውኩት። የፈረምኩት እኔ ነኝ።
የኢ/ር መኪና ገባ። ሁለቱንም ውጤት ይዤ እየወረድኩ ነው። ደብዳቤውን ሳይሰጡኝ እነግራቸዋለሁ።