የሞቱትን አባቴን ይዤ እንድቀርብ ስለመታዘዜ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ጊንጪ

ከሁሉ አስቀድሜ የርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የማኅተምዎንም ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አካም ጅርቱ? እኔ አባቴን ከመቅበሬና ከክፍል ከመባረሬ በቀር ደኅና ነኝ።

ስሜ መቲ ቀጀላ ይባላል። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ሲሆን፣ ቀን ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፣ ማታ ደግሞ እርስዎ በሚመሩት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማራለሁ። ካላስታወሱኝ፣ በዚህ ዓመት ብቻ የሱሪዎን ወገብ ሁለት ጊዜ ያሰፋሁልዎ ሴት ነኝ።

ባለፈው ወር አባቴ ኦቦ ቀጀላ ሆርዶፋ ደንዲ ገጠር ውስጥ አረፉ። ለቅሶ ላይ አምስት ቀን ቆይቼ ስመለስ፣ የማታው ዩኒት ሊደር ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ተማሪ ወላጁን ሳያመጣ እንደማይገባ ነግረውኝ፣ ልጆቼ በሚሆኑ ተማሪዎች ፊት ደብተሬን አስይዘው አስወጡኝ። የፈተናው ምዝገባ የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነው፤ ከክፍል የታገደ ደግሞ አይመዘገብም። ስለዚህ ምስጋናዬን ከነቅሬታዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በአርባ ሁለት ዓመቴ ልጅነቴን ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ከለቅሶው ሁለት ሳምንት በፊት፣ በቀን የሚማረው ልጄ ገለታ አርፍዶ በመምጣቱ፣ የቀኑንም ተማሪ የሚቆጣጠሩት እኚሁ ዩኒት ሊደር እዚያው ቢሮ ወላጅ ብለው ጠርተውኝ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲመክሩኝ አርፍደዋል። ጧት ወላጅ፣ ማታ ልጅ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

2. የቀረሁት አባቴ ሞተው መሆኑን ባስረዳ፣ ዩኒት ሊደሩ ፋይሌን አስወጥተው በወላጅ ቦታ የአባቴን አሻራ አገኙና፣ ያስመዘገበው ሰው ራሱ ካልቀረበ እንደማይሆን ወሰኑ። ኤዲያ! ያ አሻራ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። አባቴ ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥተው ዳሩኝ። ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሲቆጫቸው ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከዘራቸውን ይዘው በሚኒባስ መጡና፣ ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ የማስገባሽም እኔ ነኝ አሉ። አሻራቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቀለሙን አምጡ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ጣታቸውን ከወረቀቱ ሲያነሱም አለቀሱ። እናንተ በዚያ አሻራ በሩን ዘጋችሁብኝ። ያስጠላል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

3. አባቴ በእርግጥ መሞታቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ አውጥቼ አመጣሁ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ እንግዲያው ሌላ ለአካለ መጠን የደረሰ ዘመድ ይፈርም ተባለ። ከባሌ ከተፋታሁ ቆይቻለሁ። መፍትሔ የማያጣው ቢሮዎ ገለታ አሥራ ስምንት መሙላቱን አስታወሰና ከክፍል አስጠራው። እንዲፈርም የሰጡት ወረቀት ተማሪዋ ብትባልግ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ይላል። ልጄ እስክሪብቶውን ይዞ፣ ፊቴን ማየት አቅቶት ቆመ። እኔም እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። የወለድኩት ልጅ ለጨዋነቴ ዋስ አይሆንም፤ ፈተናው ቢቀር ይቅር ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ለምን ይቀራል? እኔ ምን አጠፋሁ?

ስለሆነም ዓርብ ጧት ከቢሮዎ እገኛለሁ። በተማሪው መፈረሚያ እፈርማለሁ፣ በወላጁም መፈረሚያ እኔው እፈርማለሁ። አልመዘግብም ካሉ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አድርገው፣ በሚወዱት ማኅተም አትመው እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ትእዛዝዎን ለመፈጸም መቃብር ከመቆፈር በቀር የሚቻላትን ሁሉ ያደረገች፣
ታዛዥ ተማሪዎ፣
የገለታ እናት፣ የኦቦ ቀጀላ ልጅ፣
መቲ ቀጀላ

ግልባጭ፦
ለአባቴ ለኦቦ ቀጀላ ሆርዶፋ
ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሁሉ መመላለስ ከግቢዎ እግዚአብሔር ያጽናሽ ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የበሩ ጥበቃ ኦቦ ሌንጮ። እሳቸው የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው።