ለአብዱ ብቻ እምቢ ያለው ማርሽ

ታኅሣሥ 6 ቀን 1963፣ መካነ ሰላም

ቀኑን ሙሉ ከአንድ የጭነት መኪና ባሌስትራ ጋር ስታገል ዋልኩ። ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም። አቧራዬን አራግፌ ወደ ቤት ልገባ ስል… የሞተር ጩኸት። ቀይ መኪና። ታናሼ አብዱሰላም ከአዲስ አበባ መጣ።

እማ እልል አለች። ከደጅ እስከ መንገዱ ድረስ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኔ በየቀኑ ስገባ ምን ትላለች? «እግርህን ጥረግ።»

ታኅሣሥ 7

መኪናዋ የራሱ አይደለችም። የሚነዳላቸው የአዲስ አበባ ነጋዴ ንብረት ናት። ለውድድር ብለው አሠርተዋታል። ሞተሯ ተከፍቶ ተሠርቷል፣ ካርቡራቶሯ ሁለት ነው። ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮኑም የውድድር ነው፤ እግር እስከ ወለሉ ድረስ ካልረገጠው አይለቅም። ጥር ላይ ደሴ ውድድር አለ። አብዱ ነው የሚነዳት። ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ እንደታመመ ከቀረ ግን ሰውየው ለሌላ ሾፌር ሊሰጧት ነው።

በሽታው? ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልስ ማርሽ አይገባም። ይንቋቋል። አንዳንዴ አንደኛም እምቢ ይላል። ከመቼ ጀምሮ? «ወር ሆነው» አለኝ። የአዲስ አበባ መካኒኮች ፈታተው ምንም አላገኙም። «ጋሼ፣ አንተ ካላገኘኸው ማንም አያገኘውም።» አፉ ማር ነው። ሲያስፈልገው።

ሲያስረክበኝ የእማን ባና፣ ያን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ከመኪናው አውጥቶ፣ አጣጥፎ፣ በብብቱ ይዞ ገባ። ዘይት እንዳይነካበት። ያ ባና… ክረምቱን ሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለኔ መስሎኝ ነበር። አቀስታ ሸማኔ ዘንድ ወስዳ አሠራችው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ሾፌሩ በአሻግሬ እጅ አዲስ አበባ ላከችለት። «እሱ ሰው አገር ነው፣ ይበርደዋል» አለች። አባባ ከሞቱ ወዲህ አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። ለኔስ ብርዱ ዘመዴ ነው?

ታኅሣሥ 9

የመኪናዋን ወለል ከፈትኩ። የካምቢዮ ዘይት ቀየርኩ። የማርሹን ዘንጎች አጠባበቅኩ። ፍሪሲዮኑን አስተካከልኩ። ራሴ ይዣት እስከ ገበያው ሜዳ ሄድኩ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ተመልሶ ሁለተኛ። ቅቤ። ምን ዓይነት መኪና ናት… ለአንድ አፍታ የኔ ብትሆን ብዬ… ተወው።

ለአብዱ አስረከብኳት። ከመግሪብ በፊት ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ እንደ በፊቱ ናት።»

ታኅሣሥ 10

ደግሞ አየኋት። ለኔ ይገባል። እሱ ይዟት ሲሄድ እምቢ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? በጣም ደስ አለኝ። አብዱ መንዳት አያውቅም ማለት ነው።

ታኅሣሥ 12

ካምቢዮውን አወረድኩ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ደረቴ ላይ ተቀብዬ። ጥርሱ ሁሉ ደህና። አንድም የተበላ የለም። መልሼ ሰቀልኩት።

ሰው ማሾፍ ጀምሯል። ሻይ ቤት አሻግሬ፦ «ጀማል፣ የወንድምህን መኪና ምን አበላሃት?» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው።

እማ አልሳቀችም። እራት ላይ «ጀማሉዲን፣ ልጄን ገደል ላይ እንዳታስቀርብኝ» አለች። ልጄን። እኔ ታዲያ የማን ነኝ?

ታኅሣሥ 14



ጠዋት አብዱን «አብሬህ ልሂድ» አልኩት። አነዳዱን አይቼ ልስቅበት ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ወደ አቀስታ የሚወስደውን ዳገት ወጣን። አነዳዱ… ያምራል። ከኔ ይሻላል። ይህን ለማንም አልናገርም።

ዳገቱን ስንጨርስ ዓይኔ እግሩ ሥር አረፈ። ባናው። እግሩን እንዳይበርደው እጥፍ ተደርጎ ተነጥፏል። ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ መርገጫው ባናው ላይ ያርፋል፣ እዚያው ይቆማል። ወለሉ ጋ አይደርስም። ሌላ መኪና ቢሆን ግድ የለም። ይህቺ ግን ያቺን የመጨረሻ አንድ ጣት ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ ለኔ ሲያስረክባት ሁልጊዜ ባናውን ይዞ ይገባል። ለኔ የሚገባው ለዚህ ነው። እኔ ባና የለኝማ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ለምን? ትንሽ ይልፋ ብዬ። መኪናዋን ለሌላ ይስጧት ብዬ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከሦስተኛ አወጣና ሁለተኛ ሊያስገባ ታገለ። ተንቋቋ፣ አልገባም። መኪናዋ ያለ ማርሽ መንደርደር ጀመረች። ፍሬኑ ይሸታል። በስተግራ ገደል። አብዱ «ያ አላህ» አለ፣ በቀስታ፣ ልጅ ሳለ ሲፈራ እንደሚለው። «እግርህን አንሳ!» አልኩ። አጎንብሼ ባናውን ከሥሩ መነጨቅኩት። «አሁን ርገጥ።» ገባ።

ሜዳው ላይ ስትቆም ባናውን ዘርግቼ አሳየሁት። «ባናው ነው» አልኩት። አየው፣ አየኝ። «እማ ምን ትላለች?» አለ። ከገደል ተርፎ የተጨነቀው ለዚህ ነው።

ታኅሣሥ 15

ትናንት ባናውን በእጄ ይዤ ስገባ እማ አየችኝ። አብዱ የሆነውን ሁሉ ነገራት። «አንተማ ለወንድምህ አዝነህ ነው የምትሸፍንለት» አለችው። ወደኔ ዞረች። «ከእጁ ስትነጥቅ ነው ያደግኸው። አሁን ደግሞ ከእግሩ ሥር?»

ክፉው ነገር ይህ ነው። የባናው ነገር እውነት ነው። ቅናቱም እውነት ነው። ሁለተኛውን እያየች የመጀመሪያውን እንዴት ታምነኛለች?

ታኅሣሥ 16

አታናግረኝም። ምግቤን አስቀምጣ ትዞራለች። አብዱ ባናውን መልሶ ሊያነጥፍ ነው፣ እንዳይከፋት ብሎ። «መንገድ ስጀምር አወጣዋለሁ» ይላል። አውቀዋለሁ። አያወጣውም። የሷን ነገር ጥሎ አያውቅም… ደግሞ ያ ቁልቁለት።

ታኅሣሥ 17

እማን መኪና ውስጥ አስገባኋት። ሾፌሩ ወንበር ላይ።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል» እያለች። ባናውን አነጠፍኩ። ሞተሩን አስነሳሁ። «በግራ እግርሽ ይህን ርገጪው፣ ባለ በሌለ ጉልበትሽ።» ረገጠች። መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛዋለች። ማርሹን ሳስገባ ጮኸ። ደነገጠች። ባናውን አወጣሁት። «እንደገና ርገጪ።» እጇን ማርሽ መቀየሪያው ላይ አድርጌ አብረን ገፋነው። ድምፅ የለ፣ ምን የለ። ገባ። እግሯን ስታነሳ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። «ቢስሚላህ» አለች። አብዱ ከውጭ ሆኖ ይስቃል።

እማ ባናውን አየችው። አልወረደችም። «እኔው ነኛ ልገድለው የነበርኩት» አለች። ቆይታ ደግሞ «ጀማል፣ አንተስ ሲበርድህ ለምን አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«አጠገቤ ያለ ልጅ ምኑ ይጠየቃል? ስታስል እሰማለሁ፣ ስትበላ አያለሁ። ያንን አላየውም» አለች፣ በአገጯ ወደ አብዱ እያሳየች። «ላላየሁት ነው ሆዴ የሚባባው።»

 ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር። ዳገቱ ላይ ባናውን አይቼ አፌን ዘግቼ እንደነበር አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 20

ለአብዱ ነገርኩት። ባናውን አስቀድሜ አይቼ ዝም ብዬ ነበር አልኩት። ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ። «ግን መነጨቅኸው» አለ።

ቀጥሎ «ለውድድሩ ረዳት ያስፈልገኛል። ጋሼ፣ ና» አለኝ። እማ ትከለክለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልከለከለችም። ሸሚዜን አጠበችልኝ። ከሳምንት በላይ ከቤቷ ውጭ አድሬ አላውቅም። ልብ አላለችውም መሰለኝ።

ጥር 16፣ ደሴ

ከቤት ከወጣን ከሳምንት በላይ ሆነን፤ ውድድሩ ትናንት አለቀ። አራተኛ ወጣን። ሁለተኛ ማርሽ አንድም ቀን አላስቸገረንም። የመኪናዋ ባለቤት አብዱን «ከሷ የሚያወርድህ የለም» አሉት። የኔንም እጅ ጨብጠው ስሜን ጠየቁ። ሕዝቡ አብዱን ሲከበው… አዎ፣ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ትንሽ።

ዛሬ አሻግሬ ከመካነ ሰላም ጭኖ መጣ። ማደሪያችን ድረስ ጩኮ ይዞ፣ የገብስ፣ በቅቤ የራሰ። «እናትህ ናቸው የላኩልህ፣ ጀማል። ይበላ እንደሆን፣ ይተኛ እንደሆን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ ብለውኛል። መንገድ ዳር ቆመው መኪና ባለፈ ቁጥር ስላንተ ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ሁሉ ተሰላቸ።»

አልሰማሁም ብዬ አስደገምኩት።

አብዱ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና አለ። «እኔንስ?»

አሻግሬ ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠው። «አንተንማ… ደህና ነው ብዬ ነገርኳቸው።»

አብዱ ሳቀ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ስቄዋለሁ።

«ላንተም ነው የላከችው» አልኩት። ከጩኮው ዘግኜ ሰጠሁት። ብዙ አልዘገንኩም።